ወፍ ይሻላል

አክስቴ ክኒኔን ከሆስፒታሉ ብልቃጥ ወደ ቫይታሚን ብልቃጥ ትገለብጠውና ላዩን በጥጥ ትጠቀጥቀዋለች። እንዳይንኮሻኮሽ ነው። እኛ ሰፈር ግድግዳ ማለት ጭቃና የተለጠፈበት ጋዜጣ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው ከአልጋችን ሳንነሳ ነው። ስለዚህ ክኒኔ ድምፅ ሊኖረው አይገባም። ለጠየቀ ሰው ሁሉ «ጨጓራ አለበት» ትላለች። ነገሌ ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ የታወቅሁ የጨጓራ በሽተኛ ነበርኩ።

ኤች አይ ቪው ከእናቴ ነው የመጣው። እሷ ስትሞት አክስቴ ወስዳ አሳደገችኝ፤ ይህን አልክድም። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ ፋይል ስትቆልፍ ትውላለች፤ ማታ ቤት ስትገባ የምትቆልፈው እኔን ነበር።

ያኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሰው ማመልከቻ እጽፍ ነበር። በተበላሸው ወረቀት ጀርባ ላይ ግጥም እሞክራለሁ። አንድ ቀን ሆስፒታል ክኒን ልወስድ ስሄድ፣ ክትትል ላይ ያለን ሁሉ የጉበት ቫይረስ ምርመራ እንድናደርግ ተባለ። እኔ ላይ ተገኘ። ሲስተር ብዙ ነገር ነገረችኝ፤ የሰማሁት ግማሹን ነው። «ሁለቱም አሉብህ፤ ክኒኑን አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጥ» ስትል ጆሮዬ አልቆመም። ክኒንህን አታቋርጥ የሚለውን ስሰማ ነው ያደግሁት።

ቤት ገብቼ ለአክስቴ ነገርኳት። «ጉበቴ ላይ ሌላ ቫይረስ አለ አሉኝ።»

የምታጥበውን ሰሃን አስቀመጠች። «ጉበት? የወፍ በሽታ ነዋ።»

«ሄፒታይተስ ቢ ነው ያሉት።»

«ቢም በለው ሲም በለው፣ ወፍ ነው።»

ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ደስታ ነበር።

የወፍ በሽታ ወፍ በላይህ ስታልፍ የሚይዝ ነው ይባላል። ማንም አላመጣውም፣ ማንም ከማንም ጋር አልተኛም፤ ጥፋተኛ ካለ ሰማይ ነው። አክስቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ ቆማ የምታወራው በሽታ አገኘች። በሁለተኛው ቀን ቤታችን ሰው ሞላው። አሠሪዬ ግሉኮስ ይዞ መጣ። ወተት የምትሸጠው ጎረቤታችን አንድ ጀሪካን ወተት አመጣች፤ አማርኛዋን ከኦሮምኛዋ ጋር እየቀላቀለች የምታወራ፣ ቀልደኛ ሴት ናት።

«ናጋ፣ ኢልማኮ? ደህና ነህ ልጄ? ሲምቢራው እንዴት ነው? እንቁላል መጣል ጀመረ?»

ወፉን ማለቷ ነው። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ግንባሬን ሳመችኝ። ከአክስቴ ሌላ ሰው ታመሃል ብሎ ሲስመኝ የመጀመሪያው ነበር። ወደድኩት። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ እሱ ነው።

አክስቴ ከነገሌ ወደ ዋደራ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳሉ ቅጠል ቀማሚ ሽማግሌ ወሰደችኝ። ዓይኔን ገልጠው፣ ምላሴን አስወጥተው አዩ።

«ወፉ ውስጥ ነው። ተደብቋል» አሉ። «የሐኪም ቆሪቻ፣ መድኃኒት ይወስዳል?»

አክስቴ ቀደመችኝ። «የጨጓራ ብቻ ነው፣ አባ።»

«ቆሪቻና የኔ ቅጠል አይዋደዱም። ሁለቱ ሆድ ውስጥ ከተገናኙ ይሞትብሻል። ዝናቡ እስኪገባ የሐኪም ነገር እንዳይቀምስ።»

አክስቴን አየኋት። እሷ ጫማዋን አየች። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ ክኒኑስ?»

«ሰምተሃል አይደል።»

«ጨጓራ አልሻቸው እንጂ እሱን መች ነገርሻቸው?»

«ምን ብዬ ልንገራቸው? ደግሞ ዝናቡ ሁለት ወር ቢቀረው ነው። አሥር ዓመት ውጠህ ሁለት ወር ብታርፍ ምን ትሆናለህ?»

ተደብቄ መዋጥ እችል ነበር። ማንም እጄን አልያዘኝም። ብልቃጡን በገዛ እጄ ሰጠኋት፤ ሻንጣዋ ሥር ከተተችው። ሁለት ወር የወፍ በሽተኛ ብቻ ሆኜ መኖር አማረኝ። ይህን የምጽፈው ጥፋቱን በሙሉ እሷ ላይ ጭኜ እንዳልገላገል ነው።

በየጠዋቱ መራራ አረንጓዴ ጭማቂ በባዶ ሆዴ እጠጣለሁ። ስድስት ሳምንት እንዳለፈ ምግብ ሲሸተኝ ማቅለሽለሽ ጀመርኩ። ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቆረ። አንድ ጠዋት አሠሪዬ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ፣ ዓይንህ የዘይት ጀሪካን መስሏል። ደንበኛ ታስደነግጥብኛለህ፤ ሂድ ተኛ።»

አክስቴ ዓይኔን ስታይ ወደ ጎረቤቶቿ ሮጠች። «እየወጣ ነው» አለች። «ወፉ ሊወጣ ሲል ዓይን ላይ ያርፋል ብለውን ነበር ሽማግሌው።» እንደገና ወተት መጣ። እኔ ፍራሽ ላይ ተጣጥፌ በስተቀኝ ጎኔ ያለውን ሕመም እየያዝኩ፣ እነሱ እንኳን ደስ ያለህ ይሉኛል።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ወጥቼ ሆስፒታል ሄድኩ። ሲስተር ከበር ላይ እንዳየችኝ ካርዴን ሳትፈልግ ተነሳች።

«መቼ ነው ያቋረጥከው?»

«ማን አቋረጥኩ አለ?»

«ዓይንህ።»

ነገርኳት። ጭማቂውን፣ ወፉን፣ ዝናቡን። ደም ቀድታ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ፊቴ ላይ አላውለበለበችም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን ጫነችበት።

«ስማኝ፤ አሁን ሙሉውን ስማኝ። ያ የምትውጠው አንድ ክኒን ውስጡ ሦስት መድኃኒት አለ። ሁለቱ ኤች አይ ቪውንም ጉበትህ ላይ ያለውንም ይይዛሉ። አንተ ወፍ የምትለውን ይዞልህ የነበረው እሱ ነው። ስታቆመው ተለቀቀ። ይሄ መውጣት አይደለም፣ ጉበትህ እየተቃጠለ ነው። እንዲህ ሆነው ከዚህ ክፍል ሬሳቸው የወጣ አሉ።»

«ዝናቡ እስኪገባ...»

«ዝናቡን ላታየው ትችላለህ። ካርድህ ላይ የሦስት ወር ወስደሃል። ቤት አለ?»

«አለ።»

«ሂድና አሁን ዋጠው። ቅጠሉን ድፋው። ሰኞ ጠዋት እዚህ እንዳገኝህ። አክስትህም ትምጣ፤ እሷም ትመርመር፣ ለዚህኛው ክትባት አለው።»

ቤት ስደርስ ክፍሉ በጠያቂ ሞልቷል። ወተት ሻጯ ፍራሼ ላይ ተቀምጣለች፣ አሠሪዬ በር አጠገብ። አክስቴን በዓይኔ ጠቀስኳት፤ አልተነሳችም።

«እትዬ፣ መድኃኒቴን ስጪኝ።»

«የጠዋቱን ጠጥተህ የለ?»

«ቅጠሉን አይደለም።»

«የጨጓራውን ነው? እንግዶቹ ይሂዱና።»

«አሁን ነው ያሉኝ።»

«እነማን?» አለች። ዓይኗ ለመነኝ። አየሁት፣ ገባኝም።

«በጥጥ ያፈንሽውን» አልኳት።

ራሴ ሻንጣዋን አንስቼ ብልቃጡን አወጣሁ። ጥጡን ጎትቼ መሬት ላይ ጣልኩት። ቤቱ ጸጥ ብሎ ስለነበር ክኒኖቹ ሲንኮሻኮሹ ሁሉም ሰማ። አንዱን ዋጥኩ።

ወተት ሻጯ ጠየቀች፤ አሁን አልቀለደችም። «የምንድነው እሱ?»

«የኤች አይ ቪ። የሲምቢራውም ነው። አንድ ላይ ነው።»

ከፍራሼ ላይ ተነሳችና ቀሚሷን ከኋላ አራገፈች። ዱቄት የነካት ይመስል። አሠሪዬ ስልኩ ሳይጠራ ስልኩን አነሳ። ሁሉም አንድ አስቸኳይ ጉዳይ ትዝ አላቸው።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ አክስቴ ጥጡን ከመሬት አነሳችው።

«አሁን ምን ልበላቸው?»

«ወፉ በረረ በያቸው።»

አልሳቀችም። ግን ሰኞ ከእኔ ጋር ሆስፒታል መጣች፤ መንገዱን ሙሉ አሥር እርምጃ ቀድማኝ እየሄደች።

ዓይኔ የጠራው ዝናቡ ገብቶ ወር ካለፈ በኋላ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሌላ ሰው ቀጥሯል። የወተቱን ጀሪካን በፈላ ውሃ አጥበን መለስንላት፤ በማግስቱ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ አገኘሁት። አዝና የሳመችኝ የጉበቱ በሽታ፣ በደም ሲሆን፣ ከሸሸችው ከኤች አይ ቪ ይልቅ ቶሎ እንደሚጋባ ሲስተር ነግራኛለች። ጀሪካን ግን ሁለቱንም አያስተላልፍም። አንስቼ ወደ ቤት አመጣሁት፤ ክኒኔን የምውጥበትን ውሃ የማስቀምጠው በእሱ ነው።

አክስቴ አሁንም ሥራ ከመሄዷ በፊት ጥጡን ብልቃጡ ውስጥ ትመልሰዋለች። እኔ አወጣዋለሁ። ስለዚህ ነገር አንነጋገርም።