ያልቀመስሁት ሾርባ

ትናንት በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት አንዲት ወጣት አዲስ ገባች። ምድጃውን አየት አደረገችና፣ «ይህን ዓይነት አላውቅም፤ አሳዪኝ» አለችኝ፤ ልክ ሰዓት ስንት ነው ብላ እንደምትጠይቅ። አላፈረችም፤ ድምፅዋም አልተንቀጠቀጠም። በዚህ በሰው አገር በረዶው መስኮቱ ላይ ሲያርፍ እያየሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ቀናሁባት።

እኔ እንዲህ ያለ ቃል መጀመሪያ ከአፌ ያወጣሁ ቀን ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

ከገጠር፣ ከገነተ ማርያም መጥቼ፣ ላሊበላ አክስቴ ቤት ተጠግቼ፣ በአንድ ሆቴል የምግብ ዝግጅት ስሠለጥን ነው። ወሩ መጋቢት፣ ጾሙም ዐቢይ ጾም ነበር። ነፋሱ የመንገዱን አቧራ እያነሣ ፊት ላይ ይበትናል። ጠዋት ኪዳን አድርሼ፣ ነጠላዬን አጣጥፌ፣ በባዶ ሆዴ ወጥ ቤት እገባለሁ፤ አክስቴ የቋጠረችልኝ የገብስ ቆሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይፈታም። እኛ እንጾማለን፤ የሆቴሉ እንግዶች ፈረንጆቹ ሥጋ ይበላሉ። የሥጋ ሽታ በባዶ ሆድ ምን እንደሚያደርግ የጾመ ያውቀዋል፤ ያጓጓል፣ ያንኑ ያህል ያስፈራል።

የሚያስተምሩን ሼፍ ዘሃራ የደሴ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ከምድጃው ጩኸት በላይ ይሰማል። ሲያስረዱ አንገቴን ደፍቼ «እሺ» እላለሁ። ገባሽ ወይ ሲሉኝም «እሺ»። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር መልሶ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ያልገባኝን ሁሉ እንደያዝሁ ማታ ወደ አክስቴ ቤት እመለሳለሁ።

በፈተናው ቀን እያንዳንዳችን ለእንግዳ አንድ ምግብ እንድናቀርብ ታዘዝን። የእኔ ድርሻ የበሬ ሥጋ ሾርባ ሆነ። ደንቡ አጭር ነበር፤ ምግቡ ሳይበላ ከተመለሰ ሠልጣኙም ወደ ቤቱ ይመለሳል። አባቴ ወደ ከተማ እንድመጣ የፈቀዱልኝ በስንት ልመና ነው፤ ከተመለስሁ ሁለተኛ አያወጡኝም።

«ሳትቀምሱ አንድም ሳህን ከዚህ አይወጣም» ብለውናል ሼፍ። ጨው የጨመርሁት በግምት ነው፤ ያውም ስፈራ ስቸር ቆንጠር አድርጌ። ማንኪያው እጄ ውስጥ በላብ ራሰ።

አጠገቤ የምትሠራው፣ ከሙጃ የመጣችው ሠልጣኝ ጥሩዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ቀምሻለሁ በይና ላኪው። ማን ያይሻል?»

«እግዜር።»

«እንግዲያው ጨዉንም እሱ ይንገርሽ።»

ብቀምስ ጾሜን እገድፋለሁ። ቀምሻለሁ ብል እዋሻለሁ። አልቀመስሁም ብል ደግሞ እባረራለሁ። ይህን ሳወጣ ሳወርድ ሼፍ አጠገቤ ደረሱ።

«ቀመስሽ?»

አፌ «እሺ» ሊል ተከፍቶ ነበር።

«አልቀመስሁም። ጾም ነኝ። እርስዎ... እርስዎ ይቅመሱልኝ።»

ሼፍ አዩኝ፤ ድስቱን አዩ፤ ማንኪያ አንሥተው ቀመሱ። ፊታቸው ተጨማደደ።

«ወላሂ፣ ይሄ ሥጋ የታጠበበት ውሃ ነው። ጨው የት አለ?»

ጥሩዬ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ አለቀልኝ ብዬ ሽርጤን መፍታት ጀምሬያለሁ። ሼፍ ግን ጨው አስጨመሩኝ፤ አማስለው ደግመው ቀመሱና ሳህኑን ለአስተናጋጁ ሰጡት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔም በረመዳን ለሰው አበስላለሁ፤ የሚቀምስልኝ እጠራለሁ። ጾምሽን ማን ከለከለሽ? ግን እኔ የሆድሽን በምን ልወቅ፣ ልጄ? እሺ ባልሽ ቁጥር የገባሽ ይመስለኝ ነበር።»

«እሺ» አልሁ።

«ደግሞ ጀመረች» ብለው ሳቁ።

ሾርባው ተጠጥቶ አለቀ፤ እኔም ሥልጠናው ላይ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ወጥ ቤት አየሁ። ቢላ አያያዙም፣ ምድጃውም፣ የሰው አገር ቋንቋውም ቀስ በቀስ ይለመዳል። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። እዚህ ያሉ ባልደረቦቼ ደፋር ናት ይሉኛል፤ የማያውቁትን ነው። ዛሬም ሰው ፊት «አላውቅም» ማለት ሲመጣብኝ አፌ መጀመሪያ «እሺ» ሊል ይከፈታል። በልቤ በስመ አብ እልና እናገራለሁ።