ዋቆ፣ ስደበኝ

ኦቦ ሊቤ ሰበታ ቤታቸው ቁጭ ብለው ለአንድ ከፊል መንግሥታዊ ጋዜጣ የእንግሊዝኛውን ዜና ወደ ሩሲያኛ ይመልሳሉ። ማን ያነበዋል አትበሉኝ፤ ኤምባሲው ያነበዋል ይባላል። ዜናው ደግሞ «ስቴክሆልደር»፣ «ሬዚሊየንስ» የሚባል ጣጣ የሞላበት ነው፤ እሳቸው ሚንስክ ሲማሩ እንዲህ ያለ ቃል የት ነበርና! ሲቸግራቸው ቡራዩ ላለው የዶርም ጓደኛቸው ለዋቆ በቴሌግራም ይልካሉ። ዋቆ ታዲያ በሩሲያኛ «አንተ ፍየል!» ብሎ ሳይሳደብ መልስ አይሰጥም። ዋቆ ሰድቦ ያላጸደቀውን ቃል ኦቦ ሊቤ ለጋዜጣው ልከው አያውቁም።

ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ከርመው ሲመለሱ ነገሩ ሁሉ ሌላ ሆነ። ዋቆ ስልክ አያነሳም። ለጻፉለት ግን ይመልሳል፤ ቶሎ፣ ያለ ስህተት፣ «ውድ ጓደኛዬ» እያለ።

«ዋቆ? እኔን ውድ? ኧረ በማርያም!» አሉ ለብቻቸው። ቡራዩ ልሂድ ሲሉ ልጆቻቸው «ሐኪሙ መንገድ ከልክሏል» ይላሉ፤ ሲናገሩም ፊታቸውን ያዞራሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጉሙ ከወጨጫ ተራራ ወርዶ ደጁን ሲሸፍነው፣ አንድ ቃል ላኩና ከሥሩ «ዋቆ፣ በሕይወት ካለህ ስደበኝ» ብለው ጨመሩ።

ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጣ። ከዚያ መልእክት ገባ፦ «አንተ ፍየል! ይህን እንኳ አታውቅም?» ቀጥሎም ቃሉ። ኦቦ ሊቤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቃሉንም እንዳለ ለጋዜጣው ላኩት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢውን ሞላው። መርዶ ነው። ዋቆ እሳቸው ሆስፒታል ሳሉ ሞቶ ተቀብሯል፤ ልባቸው እስኪጠና ተብሎ ነው የተደበቀው።

«ሂዱልኝ! ትናንት ሰድቦኛል እኮ!»

የዋቆ ልጅ ገለቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። በአባዬ ስልክ ስመልስልዎ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሩሲያኛውን ስልኩ ነው የሚተረጉምልኝ።»

«ስድቡንስ ማን ነገረሽ?»

«የምን ስድብ?» ገለቴ ቀና አለች። «እርስዎን መዋሸት ሲያቅተኝ ሐሙስ ዕለት ስልኩን አጥፍቼ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።»

ኦቦ ሊቤ የራሳቸውን ስልክ ዘረጉላት። ገለቴ ከአባቷ ስም ሥር ቅዳሜ የገባውን መልእክት አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ለቅሶው ቀለጠ። እሳቸው ግን አላለቀሱም፤ ከለቀስተኛው መሃል ተቀምጠው፣ በሩሲያኛ ለዋቆ ጻፉለት፦ «ሳልቀብርህ ቀረሁ። ተቀየምከኝ?»