የባርባራ ወንበር

ባሻ ኮቾት ሲሏት የጦር ማዕረግ እንዳይመስላችሁ። ሙሉ ስሟ ባርባራ ነው፤ በፖላንዷ ሲሌዝያ ምድር ባርባራን ሁሉ አቆላምጠው ባሻ ይላሉ። ቁጣዋ ግን የባለ ማዕረግ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማ ድንጋዩን ከከሰሉ ስትለቅም ወገቧ ጎበጠ። ወደ ጉድጓዱ መውረድ አይፈቀድላትም፤ ሴት ከወረደች ጣሪያው ይናዳል ይላሉ ቆፋሪዎቹ። ጣሪያው እንዳይናድ ጠዋት ጠዋት ኮፍያቸውን አውልቀው የሚለምኗት ደግሞ ሴት ናት፤ የማዕድን ቆፋሪዎች ጠባቂ ቅድስት ባርባራ። ይህን እንግዲህ ማን ያስታርቀው?

ዲሴምበር አራት፣ የቅድስቷ በዓል፣ ወንዶቹ ባለ ላባ ኮፍያቸውን ደፍተው አዳራሽ ውስጥ ቢራ ይጠጣሉ። በዚያ አገር ሰው የስሙን ቅዱስ ቀን እንደ ልደቱ ያከብራልና፣ ቀኑ የባሻም በዓል ነው። እሷ ግን በየዓመቱ ኩሽና ብርጭቆ ታጥባለች፤ «ለባርባራ!» ሲሉ ትሰማለች፤ ለእሷ አይደለም።

በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ብርጭቆ ሳይነሳ እጇን አደራረቀችና አዳራሹ ገብታ ወንበር ጠየቀች። የቆፋሪዎቹ አለቃ ራይሙንድ፣ ሁለት መጽሐፍ አንብቦ የሦስተኛውን የሚያወራ ሰው፣ ጢሙን ጠረገና ስሟን ይተነትን ጀመር። ግሪኮች ንግግሩ ያልገባቸውን ሰው «ባር ባር ይላል» ብለው ባርባሮስ አሉት፤ ሴቷ ባርባራ ሆነች። ቼኮች ባርቦራ፣ ሃንጋሪዎች ቦርባላ፣ ሩሲያውያን ቫርቫራ እያሉ ተቀባበሉት። ትርጉሙ ግን ያው ነው አለ፤ ባዕድ ሴት።

«ባዕድ ደግሞ ከገበታ አይቀመጥም። የከለከለሽ ስምሽ ነው ባሻዬ፣ እኔ የለሁበትም።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

ባሻ ወደ መድረኩ ወጣች። የቅድስቷን ሐውልት ከመድረኩ አንስታ ታቅፋ ኩሽና ገባችና በሩን ቀረቀረች። ቅድስቷ ሳትኖር ጽዋ አይነሳም፤ የቢራው አረፋ ሞተ፣ የደም ቋሊማው ቀዘቀዘ። ነገ ጉድጓድ የሚወርዱት ሳቃቸውን ዋጡ። በመጨረሻ ራይሙንድ በሩን አንኳኳ።

«ባሻ፣ በሞቴ፣ ቅድስቷን መልሺልን።»

«ባር ባር ባር።»

«ምን አልሽ?»

«እኔም ቅድስቷም ባዕድ ነን። የምንለው አይገባህም።»

ራይሙንድ የራሱን ወንበር ተሸክሞ ተመለሰ። ባሻ ወጥታ ከገበታው አስጠጋችውና ተቀመጠችበት፤ ቅድስቷን ከፊቷ አቆመች። የሃያ ሁለት ዓመት ንዴት በአንድ ወንበር አይበርድምና፣ ቢራዋን ጨልጣ ባዶውን ብርጭቆ ለአለቃው አቀበለችው።

«ሙቅ ውሃው በስተግራ ነው» አለችው።