አራት ጣት ከብረቱ በላይ

«ዝቅ አድርገው አልኩህ» አለ ታላቅ ወንድሜ ለሦስተኛ ጊዜ። እኔም ለሦስተኛ ጊዜ አላደርገውም አልኩ።

የጥይት መከላከያ ሰደርያውን ለብሶ ሱቁ መሃል ቆሟል። ከፊትና ከኋላ ብረት ስለገባበት ትከሻው ወደ ታች ተጎትቷል። እኔ የትከሻውን ማሰሪያ እንዳይረዝም በሁለት እጄ ጨብጬዋለሁ፤ እሱ ደግሞ የብረቱን የታች ጠርዝ ይዞ ወደ ሆዱ ይስባል። ከመንገድ ያየን ሰው የተያያዝን ይመስለው ነበር፤ ብዙም አልተሳሳተም።

አለቃዬ ከስፌት መኪናው ጀርባ ተቀምጦ ቀና ሳይል ይሠራል። ለጋሪ ፈረስ ጠፍር እንሰፋለን፣ የጭነት መኪና ሸራ እንጠግናለን። ሱቃችን ከሶዶ ወደ ሁምቦ በሚወርደው መንገድ ዳር ስለሆነ ሾፌሮቹ ሁሉ ያውቁናል። ወንድሜ የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በአንዱ መኪና ጭነት ላይ ተቀምጦ ወደ ቆላ ሊወርድ ነው፤ አጃቢ ሆኖ ተቀጥሯል። በዚያን ሰሞን ከሁምቦ በታች የሚያደፍጡ ዘራፊዎች ነበሩ። መጀመሪያ አጃቢውን ይገድላሉ፣ ከዚያ ነው ሾፌሩን ቁም የሚሉት። ከወንድሜ በፊት ይህን ሥራ የሠራውና ይህንኑ ሰደርያ የለበሰው የጦር ሜዳ ጓደኛው ነበር። ከቀበርነው ገና አርባ ቀን አልሞላውም።

ብረቱ ከፍ ካለ ስቀመጥ ጉሮሮዬን ያንቀኛል አለ ወንድሜ። የሚያንቀው ብረቱ ሳይሆን ዝናሩ እንደሆነ ነገርኩት። አራት የጥይት ካዝና የሰካበትን ዝናር እምብርቱ ላይ ስለሚታጠቀው፣ ሲቀመጥ ዝናሩ ሰደርያውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ዝናሩን ወደ ዳሌ አጥንቱ ቢያወርደው ይገላገላል።

«ዝናር ከሆድ በታች የምትታጠቅ ነፍሰ ጡር ሴት ናት» አለ።

አለቃዬ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ወንድሜ ይህን ያለው በአማርኛ ነው። እቤት የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ አማርኛ ለእሱ የካምፕ ቋንቋ ስለሆነ ወደ አማርኛ ሲዞር ቁጣው መምጣቱን አውቃለሁ።

እውነተኛ ምክንያቱ ጉሮሮው አልነበረም። ምሽግ ውስጥ ያየውን ነገረኝ። ሆዱን የተመታ የእኛው አገር ልጅ አንጀቱን በፎጣ ሰብስቦ ይዞ ሁለት ቀን እናቱን በወላይትኛ ሲጠራ ኖረ። በሁለተኛው ቀን ጓደኞቹ ዝም እንዲል ለመኑት። አንዱ ፎጣውን ከእጁ ነጥቆ አፉ ላይ ሊያደርግ ሞክሮ አቃተውና አለቀሰ። «ደረቱን የተመታ ይገላገላል» አለ ወንድሜ። «እኔ የምፈራው ሆዴን ነው። ሆዴን ሸፍንልኝ።»

እነዚህኑ ቃላት እዚሁ ሱቅ ውስጥ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቻቸው ነበር።

ሟቹ አጃቢ፣ የወንድሜ ጓደኛ፣ ሰደርያውን ያገኘው ከሰላም ማስከበር ከተመለሰ ወታደር ነው። ብረቱን ስላላመነው ጉኑኖ ባለው ጓሮው የፊቱን አውጥቶ እንሰት ላይ አሰረውና በክላሽ ተኮሰበት። ብረቱ ጎደጎደ እንጂ አልተበሳም፤ ከጀርባው ያለው የእንሰቱ ግንድ አልተጫረም። በማግስቱ ደስ ብሎት ሱቃችን መጣ። በዚህ ብረት ሆዴን ሸፍንልኝ አለኝ። አራት ጣቱን ደረቱ ላይ አጋድሞ ለካልኝ፤ ማሰሪያውን በአራት ጣት አስረዘምኩለት። በፈረስ ጠፍር ክር፣ በድርብ ስፌት። የፈረስ ጠፍር ስንሠራ ፈረሱን የት ይልጥሃል ብለን አንጠይቅም፣ በዓይናችን ነው የምንፈርደው። ሰው ግን ይናገራልና ያለኝን አደረግኩ።

ከሞተ በኋላ ሰደርያው ላይ አንድም ቀዳዳ ስላልተገኘ ሰዎች ጥይት ይፈራዋል አሉ። ወንድሜም አመነ። የመኪናው ባለቤት ሲሰጠው ወዲያው ተቀበለ። ሱቅ ያመጣው ከሁለት ቀን በፊት ነው። ለማጠብ ብረቱን ሳወጣ ከደሙ አንድ ነገር ገባኝ። ደሙ ከላይ ጀምሮ በብረቱ ፊትና ጀርባ ወርዷል፤ ብረቱ ግን ከእንሰቱ ዕለት ጉድጓድ በቀር ምንም አልነካውም። ያስረዘምኩትን ማሰሪያ ያኔውኑ በዘለበት መልሼ በአራት ጣት አሳጠርኩት።

ማሰሪያውን ለቀቅኩና ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ኢሻ» አልኩት፣ በወላይትኛ «ወንድሜ» ብዬ እቤት እንደምጠራው። «አንተ ነህ ሬሳውን ከመኪናው ያወረድከው። የት ላይ ነው የተመታው?»

መልሱን ሳልጠብቅ ጣቴን ከአንገቱ ሥር፣ ሁለቱ አጥንቶች ከሚገናኙበት ትንሽ ዝቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። ከዚያ አሁን በለበሰበት ከፍታ ብረቱ ጣቴን እንደሚሸፍነው አሳየሁት። ቀጥዬ ብረቱን እሱ እንደሚፈልገው ወደ ሆዱ ሳብኩት። ጣቴ ገላው ላይ ብቻውን ቀረ።

ወንድሜ ጣቴን አየ።

«ለእሱ ዝቅ ያደረገለት ማነው?» አለ።

አለቃዬ የስፌት መኪናውን አቆመ። ሱቁ ነው የሠራው፣ ብዙ ሰው ይመጣል፣ ማን ያስታውሳል ብሎ ሊሸፍንልኝ ጀመረ። ዝም ብል ያልፍ ነበር። ወንድሜ ሰደርያውን ከፍ አድርጎ ለብሶ ይሄድ ነበር። ይህን ዛሬ ነው የማስበው፤ ያኔ ያሰብኩት ካልተናገርኩ አያምነኝም ብዬ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሆዴን ሸፍንልኝ አለኝ፣ ሸፈንኩለት።»

በጡጫ አፌን መታኝ። የጠፍር ቁልሉ ላይ ወደቅኩ። ስነሳ ደገመኝ። አለቃዬ መሃል ሊገባ ሲል በክርኑ ገፈተረውና የስፌት መኪናው ከነጠረጴዛው ተንጋለለ። ሦስተኛውን ሲመታኝ ጥርሴ ከንፈሬን በስቶት ነበር። እጄን አላነሳሁም።

«ለቅሶው ላይ ግጥም ያነበብከው አንተ አይደለህም?» አለኝ ደረቱ እየተነፋ። «ሚስቱን ያስለቀስካት?»

እኔ ነበርኩ። ቅኔ ቤትም ኮሌጅም አልገባሁም፤ ባገኘሁት ወረቀት ሁሉ ላይ ስጽፍ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ። ስለ ሟቹ የጻፍኩትን በለቅሶው ሜዳ አንብቤ ሰው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ ሰማሁ። ግጥሙ ውስጥ ስለ ገዳዩ ብዙ ቃል ነበረ፤ ስለ ማሰሪያው አንድም አልነበረም። ያኔ አላወቅኩም ነበር። ይህንን ብነግረውም ምንም አይለወጥም ነበር።

ወንድሜ የሰደርያውን የጎን ማያያዣ ቀዶ ከፈተው። ሰደርያውን በራሱ ላይ አውጥቶ እግሬ ሥር ወረወረው፤ ብረቱ ሲሚንቶውን መትቶ ጮኸ። ውጭ መኪናው ጡሩምባ ነፋ። ሰደርያውን አንስቼ በሁለት እጄ ዘረጋሁለት፤ ከንፈሬ እየደማ ስለነበር ጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል።

«ኢሻ፣ ልበሰውና ሂድ። ስትመለስ ግደለኝ።»

«ያንተ እጅ የነካውን አልለብስም» አለ፣ በአማርኛ።

ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ። ዝናሩን እምብርቱ ላይ አጠበቀ። ክላሹን ከጥግ አነሳ። የቆርቆሮውን በር በእግሩ ገፍቶ ወጣ፤ በሩ ተመልሶ ተዘጋ።