ሽማግሌ ለመቀበል የሚሆን የኪስ ዋይፋይ

የመስቀል ማግስት፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። ከቁስቋም በላዳ ተነስቼ ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደ ኢስታንቡል ሄድኩ። እህቴ ሰላማዊት ሻንጣው ላይ ተቀመጠችልኝና ዚፑን ዘጋሁ። እናቴ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ማንም አላለቀሰም። ለቅሶው የተጀመረው ላዳዋ ከታጠፈች በኋላ መሆኑን ቆይቼ ከሁለት ምንጭ አረጋግጫለሁ።

ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጋቢና አንድ የኪስ ዋይፋይ ነበር። ለማታውቁት፣ የሳሙና ያህል ሳጥን ናት። ሲም ካርድ ትጎርሳለች፤ ስልካችሁ ኢንተርኔቱን ከእሷ ይወስዳል። መርካቶ የሸጠልኝ ልጅ "ብራዘር፣ ይሄ ጨረቃ ላይም ይሠራል" ብሎኝ ነበር። ጨረቃ ላይ አልሞከርኩትም። ኢስታንቡል ግን የአገሩን ሲም ስከትበት ቀይ መብራት አብርቶ ቀረ። ለካ ለአገር ቤት ሲም ብቻ የተቆለፈ ነው። እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት የሌላ ኩባንያ ሲም ከታችሁ ሞክሩ።

ስልክህ ምን ሆነ እንዳትሉኝ። እዚህ አገር ከውጭ የገባ ስልክ ካልተመዘገበ ከጥቂት ወራት በኋላ ከኔትወርክ ይቆረጣል፤ የምዝገባው ቀረጥ ደግሞ ከስልኬ ይበልጣል። ስለዚህ ከተቆረጠ ወዲህ ስልኬ ዋይፋይ ካላገኘ የሚያበራ ሰዓት ነው። ሰዓቱስ ቢሆን ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፤ እነሱ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራሉ እንጂ።

የምኖረው ምድር ቤት ነው። በመስኮቴ የሚታየኝ የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ስለሆነ ጎረቤቶቼን በፊት ሳይሆን በሶል እለያቸዋለሁ። የቤት ኢንተርኔት ላስገባ ብዬ አከራዬን ሰቪም ሀኑምን አስፈቀድኳቸው። ሀኑም ማለት እንደኛ እትዬ ነው።

"ከማን ጋር ልታወራበት ነው?"

"ከእናቴ ጋር።"

"እናትህን ይህን ያህል ከወደድክ ለምን መጣህ?"

በጋዜጠኝነት ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ለማንኛውም ፈቀዱልኝ። የኢንተርኔት ሱቁ ሠራተኛ ግን ቀና ብሎም ሳያየኝ "ኢካሜት?" አለኝ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ማለቱ ነው።

"በሂደት ላይ ነው።"

"እንግዲያው ኢንተርኔትህም በሂደት ላይ ነው። ያሪን ገል።"

ያሪን ገል "ነገ ና" ማለት ነው። ወረዳ ተመላልሶ ለሚያውቅ ሰው ቋንቋው አይከብድም።

በዚህ መሀል የሻይ ቤት ዋይፋይ ላይ ሳለሁ ሰላማዊት በድምፅ መልእክት መጣችብኝ። "እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌ ይመጣል። አባባ ስለሌለ መልሱን የምትሰጠው አንተ ነህ፤ እማዬ 'ታላቅ ወንድሟ በሕይወት እያለ አጎት አይመልስም' ብላለች። ስማ ደግሞ! 'እንመካከርበት፣ ተመለሱ' የሚሉትን ነገር እንዳታመጣብኝ። የማርቆስን አባት አታውቃቸውም፤ ኩራታቸው! አንዴ ከመለስካቸው ሁለተኛ አይልኩም።"

ማርቆስ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ ይሸጣል። አባቱ የሸማኔ ልጅ ሸማኔ ናቸው። እህቴ ትወደዋለች። ከእኔ የሚፈለገው "ተቀመጡ" ማለት ብቻ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ ይጠይቃል፣ ተቀመጡ ከተባለ ልጅቷ ተሰጥታለች።

ሁለተኛውን መሣሪያ ለቱሪስት ከሚያከራይ ቤት ወሰድኩ። በፍጥነት የሚያህለው አላየሁም። ሳጥኑ ላይ በትልቁ "ገደብ የለሽ" ይላል፤ ከሥሩ በጉንዳን ፊደል፣ የቀኑ ድርሻ ሲያልቅ ፍጥነቱ ይቀንሳል ይላል። የጉንዳኑን በኋላ ነው ያነበብኩት። እሁድ ጠዋት እንዳያሳፍረኝ ብዬ ቪዲዮ በቪዲዮ ላይ ከፍቼ ስፈትነው አረፈድኩ። ፈተናውን አለፈ፤ ድርሻውም አለቀ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። እናቴ ስልኳን ብርጭቆ አስደግፋዋለች። የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን አስተካክለው "ልጃችን ልጃችሁን ወዶ..." ሲሉ ምስሉ ደረቀ። "ተቀመጡ" አልኩ። ጮኼም አልኩ። ሰቪም ሀኑም ከላይ ወለሉን ደበደቡት።

ወደ ማታ መስመሩ ሲመለስ ሰላማዊት ደወለች።

"አንተ ሰውዬ! ምን አልኩህ?"

"ተቆርጦ ነው።"

"ፊትህን ብታየው! ቅንድብህን ሰቅለህ፣ አፍህን ገጥመህ፣ እንደ ሰበር ሰሚ ዳኛ! ሰዎቹ ቆመው ጠበቁ፣ ጠበቁ። በመጨረሻ ጋሽ ወልዴ 'ዝምታውም መልስ ነው፤ የሰው ልጅ በአንድ ጉዞ አይሰጥም' ብለው ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።"

እናቴ ስልኩን ነጠቀቻት። "ልጄ፣ አባትህን መሰልክ! 'የተከበረ ቤት ነው' እያሉ ነው የወጡት።"

"እማዬ፣ ኔትወርክ ነው እኮ።"

"ዝም በል! ይህን ነገር ለማንም እንዳትደግመው።"

ሰላማዊት ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሳችም። ማርቆስም ሱቅ ውስጥ ከአባቱ ጋር እንደተኳረፈ ሰማሁ።

ሦስተኛውን አክሳራይ ከሚባለው ሰፈር አንድ ሶርያዊ ሸጠልኝ። አሮጌ ነው፣ ጥጉ ተሰንጥቋል፣ ፍጥነቱም የበቅሎ ነው። ግን የፈለጉትን ሲም ይቀበላል፤ ባትሪውን አውጥተው በቀጥታ ከሶኬት ቢያሠሩትም አይግልም። ፍርዴን ከፈለጋችሁ፣ ለሽርሽር የኪራዩን፣ ለቁም ነገር የሶርያዊውን ውሰዱ። የመርካቶው ለወረቀት መጫኛ ጥሩ ነው። የሶርያዊው አንድ ችግር አለው፤ ምድር ቤት ውስጥ አይሠራም።

"ጣራ ላይ ምን ልትሠራ?" አሉ ሰቪም ሀኑም።

"እህቴን ልድር።"

ትክ ብለው አዩኝ። "ያሰጣሁትን ልብስ እንዳትነካ" አሉና ሻያቸውን ይዘው ተከተሉኝ፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ሙሽራው ምን ይሠራል?"

"ቀሚስ ይሸጣል።"

"ጥሩ ነው። እኔ ደግሞ ጋዜጠኛ እንዳይሆን ፈርቼ ነበር።"

በሳምንቱ እሁድ ነው። የማርቆስ አባት መላክ አለመላካቸውን እስከ መጨረሻው የሚያውቅ አልነበረም። የባሕሩ ንፋስ እንደ እንጦጦው ባሕር ዛፍ አይሸትም፤ ጆሮ ግን እኩል ይቆርጣል። እናቴ መስመር ላይ ሆና "ጠብቅ" ትላለች። ከዚያ በሩ ተንኳኳ። ከበፊቱ በዝተው መጡ፤ አንድ ቄስ ጨምረዋል። ሰላማዊት ከመጋረጃው ጀርባ እንዳለች በጫማዋ አወቅሁ።

ጋሽ ወልዴ ንግግራቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩ። እስኪጨርሱ ታገስኩ።

"አባቶቼ፣ ተቀመጡልን። ሰጥተናል።"

ተቀመጡ። እልልታው ሲነሳ አንድ ሰው ጠረጴዛውን ገፋውና ስልኩ በጀርባው ወደቀ። ኮርኒሱ፣ አምፖሉና ከአምፖሉ በስተግራ ያለው የድሮ የዝናብ እድፍ ታየኝ። ቄሱ ሲመርቁና ቤቱ ሁሉ አሜን ሲል ሰማሁ። "እማዬ፣ ስልኩን አንሺው" አልኩ። ደግሜም አልኩ። ያነሳው የለም። ምስሉ ጥርት ያለ ነበር፤ መስመሩም እነሱ እስኪዘጉት ድረስ አልተቆረጠም።