ጆሮዬን የበላው ተኩላ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ስለ ብርድ የሚያውቅ ሰው ከተፈለገ የምጠራው እኔ ነኝ። ሙቀቱ ወደ ስልሳ ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ ካፖርት በሚያወጣ ሕዝብ መሃል የብርድ ሊቅ መሆን አይከብድም። በወጣትነቴ መንግሥት ለትምህርት ሳይቤሪያ ልኮኝ አምስት ዓመት ኖሬአለሁ። የሩሲያ ነገሥታት ጠላቶቻቸውን ለቅጣት የሚያግዙበት አገር ነበር። የኛ መንግሥት ደግሞ ጎበዝ ተማሪዎቹን በሽልማት ላከበት።

በዚያ አምስት ዓመት ይኸው ዕድሜዬን ሁሉ እየኖርኩበት ነው። ቀን ከኤርፖርት አጠገቡ ወዳሉት የዌስትቼስተር ሆቴሎች መንገደኛ አመላልሳለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ፌርፋክስ ያለው የሐበሻ ካፌያችን ቁጭ ብዬ በረዶ አዘንባለሁ። በዓለም ላይ እንደሱ ጥልቅ ስለሌለው ስለ ባይካል ሐይቅ፣ ክረምት ሲገባ ጭነት መኪና በላዩ ስለሚነዳበት አወራለሁ። በንጉሡ ላይ አምፀው የተጋዙትን መኳንንት ቤተ መንግሥት ትተው ስለተከተሏቸው ሚስቶች አወራለሁ። ቡርያት የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ዛፍ ላይ ጨርቅ ያስራሉ፤ ከመጠጣታቸው በፊትም በጣታቸው ነክረው ለመሬቱ ጠብ ያደርጋሉ። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት፣ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት አድባር ለማየት ነው ወይ ብዬ ነበር።

ዋናው ግን ተኩላው ነው። የቀኝ ጆሮዬ ጫፍ የለም። ልጄ ሕፃን ሳለች ምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ፣ ተኩላ በላው አልኳት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ ግን እያደር ወፈረ። አንዱ ተኩላ ሰባት ሆነ፤ እኔም ባዶ እጄን ገጠምኳቸው። ጡረታ የወጣ አንድ ታክሲ ነጂ ወዳጄ እኔ በሌለሁበት ያወራልኛል፤ እንዲያውም ከኔ ያሳምረዋል።

ልጄ አደገችና ሳንታ ሞኒካ ሆስፒታል ነርስ ሆነች። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ መጥታ፣ "ዳዲ፣ አላስካ ጆብ አግኝቻለሁ። አክሴፕት አድርጌአለሁ" አለችኝ።

"ሰው ሎስ አንጀለስን ጥሎ አላስካ ይሄዳል?"

"ያስለመድከኝ አንተ ነህ። ሳይቤሪያ መግባት ባልችል ማዶው ነው። እነዚያ ሴቶች ቤተ መንግሥት ትተው ሄደው የለ? እኔ የምተወው እኮ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ነው።"

እውነቷን ነው። በመሃላቸው ያለው ጠባብ ባሕር ነው፤ አላስካም ለአሜሪካ እስኪሸጥ የሩሲያ ነበር። ያስተማርኳት እኔው። ላስፈራራት ሞከርኩ። የሽፋሽፍትሽ ፀጉር በረዶ ይይዛል አልኳት፤ "ሶ ቢዩቲፉል!" አለች። ፀሐይ አትወጣም አልኳት፤ ዓይኗ አበራ። ሃያ ምናምን ዓመት እያጣፈጥኩ ያጎረስኳትን፣ መራራ ነው ብል ማን ይሰማኛል?

ከመሄዷ በፊት በነበረው ቀን ካፌያችን ውስጥ የስንብት ምሳ አደረግንላት። ወዳጄ ወፍራም ካልሲ ሰጣት። እኔ ከቁም ሣጥን ሥር የሳይቤሪያ ኮፍያዬን አውጥቼ ይዤላት ሄድኩ፤ ጆሮ ሸፍኖ አገጭ ሥር የሚታሰር የፀጉር ኮፍያ ነው። ልጄ ፀጉሯን አጎፍራ ነው የምትሄደው፤ ፀጉሯ የኔ ነው፤ ኩራቷም።

"ኖ ዌይ ዳዲ፣ ፀጉሬን ፍላት ያደርገዋል። ጃኬቱ ሁድ አለው።"

"የጃኬት ቆብማ ንፋስ ይገልጠዋል።"

"ሶ? አንተ ከሰባት ተኩላ ጋር ታግለህ እኔ ንፋስ ያቅተኛል?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ወይ ተኩላዬ ወይ የልጄ ጆሮ። ያን ያህል ዘመን ቀልቤ ያሳደግኩትን አውሬ በሰው ፊት መግደል ነበረብኝ።

"ተኩላ አልነበረም" አልኩ።

ሳቁ ቆመ።

"ጎፈሬ ነበረኝ። የዶርሙ ዘበኛ አሮጊት ናቸው፤ ይህን ኮፍያ ይዘው ጠዋት ጠዋት ይከተሉኛል። ጎፈሬዬን ይጫንብኛል ብዬ እምቢ አልኳቸው። አንዲት ልጅ ሲኒማ ቤት ቀጥራኝ አውቶቡስ ስጠብቅ ቀረብኝ። ጆሮዬ አመመኝ፤ ቆይቶ ማመሙን ተወ። ለመድኩት ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ማመሙን ሲተው ነው የሚሞተው። ጫፉን ሐኪም ቆረጠው። ኮፍያውን ያደረግኩት ከዚያ በኋላ ነው።"

"ልጅቷስ?" አለ ወዳጄ።

"ኮፍያ ካደረገ ሰው ጋር ገባች።"

"ተኩላዎቹስ?"

"አንድም አይቼ አላውቅም።"

"አሁን እኔ ለሰው ምን ብዬ ላውራ?" ብሎ ተቆጣ። ስንት ቦታ እንዳወራው እግዜር ይወቅ። አፈርኩ፤ አንገቴን ደፋሁ። ልጄ እጇን ዘርግታ የተቆረጠውን ጆሮዬን ነካችው። "ያምሃል?" አለችኝ።

"ሲበርድ።"

ኮፍያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ታድርገው ትጣለው አላወቅኩም፤ ለመጠየቅም ድፍረት አጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ኤርፖርት አደረስኳት። ፀሐዩ ዘንባባውን ያቃጥላል፤ መንገደኛው በቁምጣ ነው። ሻንጣዋን አወረድኩላት። ኮፍያውን ከቦርሳዋ አወጣች። ጎፈሬዋን በሁለት እጇ እየጫነች አጠለቀችውና አገጯ ሥር አሰረችው። ግንባሯ ወዲያው አላበው።

"እዚህ ደግሞ ምን ያደርግልሻል? ሰው ያይሻል እኮ።"

"ይየኝ። ጎ ዳዲ፣ እዚህ ፓርክ ማድረግ አይቻልም።"

በሩ ጋ ደርሳ ስትዞር፣ ከፊቷ በቀር የሚታይ ነገር አልነበራትም።

ወዳጄ ካፌ ሆኖ ደወለልኝ። "እህ፣ አለቀስክ?" አለኝ።

"አለቀስኩ" አልኩት። "መኪና ውስጥ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።"

"ሂድ ወዲያ!" አለኝ። ሰባት ተኩላ ያመነኝ ሰው ይህን አላመነኝም።