ፊቷን አላሳየሁም እኮ

አረም ገና ሲነቀል የሚሸተው ሽታ አለ፣ ታውቀዋለህ፤ እርጥብ አፈርና የተበጠሰ ሥር። ዛሬ ጠዋት በሰው ማሳ ዳር ሳልፍ ሸተተኝና ባለሁበት ቆምሁ።

አሥረኛ ክፍል ነበርሁ። አርዲቦ ሐይቅ ዳር የአክስቴን ጤፍ የሰፈሩ ሴቶች በደቦ ያርሙላት ነበር። ሴቶች ደቦ ላይ ወንድ አይደርስም፤ ምሳ የሚያመጣ እንኳ ከሩቅ ተጣርቶ ነው። እያንዳንዷ የሆዷን ትዘፍናለች፣ የተዘፈነውም እዚያው ይቀራል። አክስቴ ጎንበስ እንዳለች በአምባሰል አወረደችው፦

አርዲቦ ማዶ ነው ልቤን ያስቀመጥሁት፣
ለባሌ እጄን ነው ያኔ የሰጠሁት።

ሴቶቹ «እሰይ! እንዲያ ነው!» አሉ። እኔ ቀበጧ ስልኬን አውጥቼ ጭቃ የነካው እጇንና ድምፅዋን ቀረጽሁ፤ ቤት እንደገባሁም ኢንተርኔት ላይ ለቀቅሁት። ስም የለው፣ ፊት የለው። ለእኛ ለልጆቹ ፊት ካልታየ ማን ያውቃል?

የእኛ አገር ሰው ግን ሰውን በድምፁ ያውቃል። በሳምንቱ ባሏን አንድ ነጋዴ ገበያ መሐል ስልክ ዘርግቶ «ይቺ ያንተዋ አይደለችም?» አለው። ጉድ ፈላ!

እናቴ «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ስትል ሰነበተች። አክስቴ አልጮኸችብኝም።

«ፊትሽን አላሳየሁም እኮ እትዬ» አልኋት።

«ድምፅስ የሰው አይደለም?» አለችኝ፣ ምስሯን እየለቀመች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ያኔውኑ አጠፋሁት፤ ከስልኬም ጭምር። እሷ ከዚያ ወዲያ ደቦ ላይ ዝም ብላ ነው የምታርም። እኔም ዛሬ ድምፄን ስልክ ላይ ለማስቀረት እሰስታለሁ።

ባሏ ይፈታታል ብለን የቀረውን ክረምት ስንሰጋ ከረምን። መስከረም ላይ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀኝ። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያ ነገር... አንቺ ጋ አለ?»

«ወላሂ አጥፍቼዋለሁ ጋሼ! የትም የለም!» አልሁት፣ ደስ ይበለው ብዬ።

በትሩን ተደገፈ።

«ነጋዴው ዘፈኗን ጀምሮ ሳያስጨርሰኝ ዘጋብኝ። ያለችውን ትበል፤ ግን ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬያት ስኖር ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም። አንዴ እስከ መጨረሻው ልሰማት ብዬ ነበር።»

እንባዬን ሲያይ «አብሽሪ፣ ደግ አረግሽ» አለኝና በትሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤቱ፣ ወደ እሷ ሄደ።